አምስት ሜትር ሙሉ ፈረስ

ኒውዮርክ በሚገኘው የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ አንድ ትልቅ የፈረስ ሥዕል አለ። ትልቅ ስል የምሬን ነው። ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ወርዱ አምስት ሜትር አልፏል። ቤቴ ልስቀለው የሚል ሰው ቢኖር መጀመሪያ ሶፋውንና ቡፌውን ያስወጣል፤ ግድግዳው ይበቃ እንደሆነ የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው።

አምባላይ አለ፣ ጉራቻ አለ፣ ዳማ አለ፣ ግራጫ ነጠብጣብ ያለበትም አለ። መሐል ላይ አንዱ በኋላ እግሩ ቆሟል፤ ያዡ ልጓሙን ጨብጦ ይታገለዋል። አንገታቸው እንደ ግንድ የወፈረ፣ ጭራቸው ተጠቅልሎ የታሰረ ፈረሶች አቧራውን እያስነሱ ያልፋሉ። በቀኝ በኩል ዛፎቹ ሥር ሰዎች ቆመው ያያሉ። በግራ፣ ራቅ ብሎ፣ የአንድ ሕንፃ ጉልላት ብቅ ብሏል።

ሥዕሉ «የፈረስ ገበያ» ይባላል። የሣለችው ሮዛ ቦነር የተባለች ፈረንሳዊት ናት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በ1853 ነው፤ ሮዛ ያኔ 31 ዓመቷ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህች ሴት የሚወራው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ሱሪዋ ላይ ይቆማል። ሱሪ ትለብስ ነበር፣ ፖሊስ ፈቅዶላት ነበር፣ ምናምን። ሱሪውን እኔም አልዘለውም፤ ደስ የሚል ታሪክ አለው። እኔን የሚገርመኝ ግን ገንዘቡ ነው። ሴት ልጅ የመንግሥት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በማትገባበት ዘመን ይህችኛዋ በብሩሿ ግቢው ሰፊ የሆነ ትልቅ ቤት ገዛች። ግቢው ውስጥ አንበሳ አሳደገች። ባልም፣ አሳዳጊ ጌታም ሳያስፈልጋት እስክትሞት በራሷ ገንዘብ ኖረች። እንዴት ቻለች? የመልሱ ግማሽ ሥዕሉ ውስጥ አለ። ሌላውን ግማሽ የምናገኘው ሥዕሉ በተሸጠበት መንገድ ነው።

ሮዛ የተወለደችው በ1822 ቦርዶ ከተማ ነው። አባቷ ሬይሞን ሠዓሊና የሥዕል መምህር ነበር። ጎበዝ ሰው ነው፤ ገንዘብ ግን እጁ ላይ አይቆይም። ቤተሰቡ ፓሪስ ከገባ በኋላ ሳን ሲሞናውያን የሚባሉ ሰዎች ማኅበር ውስጥ ገባ። ሴትና ወንድ እኩል ናቸው ብለው የሚሰብኩ ነበሩ። ስብከቱ ልጅቱን ጠቅሟታል። ለቤቱ ግን እንጀራ አላመጣም። ሰውየው ከማኅበርተኞቹ ጋር ለመኖር ቤቱን ጥሎ እስከ መውጣት ደርሶ ነበር። እናቷ ሶፊ ፒያኖ እያስተማረችና ልብስ እየሰፋች አራት ልጆች ስታኖር ቆይታ በ1833 ሞተች። ሮዛ ገና 11 ዓመቷ ነበር።

ከእናቷ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር አለ፤ እኔ በጣም እወደዋለሁ። ሮዛ ትንሽ እያለች ፊደል አልገባ ብሏት ነበር። እናቷ መቅጣቱን ትታ ዘዴ ፈጠረች። ለእያንዳንዱ ፊደል በዚያ ፊደል የሚጀምር አንድ እንስሳ ሣይ አለቻት። ልጅቱ በእንስሳ ማንበብ ቻለች።

ሌላው ትምህርት ግን አልሆነላትም። ከትምህርት ቤት ተባረረች። ስፌት ትልመድ ተብላ ተላከች፤ እሱም አልሆነም። በመጨረሻ አባቷ ተስፋ ቆርጦ ራሱ ያስተምራት ጀመር። በ14 ዓመቷ ገደማ ሉቭር ሙዚየም እየሄደች የታላላቆቹን ሥዕል ትገለብጥ ነበር።

ለምን እንስሳ መረጠች? ፍቅር እንዳለበት አያጠራጥርም። ቤተሰቡ ፎቅ ላይ ሲኖር እንኳ በግ ታረባ ነበር። ስድስተኛ ፎቅ! በጉ አየር ይንካው ሲባል ወንድሟ ኢሲዶር ተሸክሞ በደረጃ ያወርደዋል፤ መልሶም ያወጣዋል። (ኢሲዶር ኋላ ላይ የታወቀ የእንስሳት ቀራፂ ወጥቶታል። ጀርባው በደንብ ሳይለምድ አልቀረም።)

ከፍቅሩ ጎን ግን ሌላ ምክንያት አለ፤ የዘመኑን የሥዕል ሥርዓት ማወቅ ይጠይቃል። በዚያን ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ ሥዕል እንደ ወታደር ማዕረግ ነበረው። ከላይ የሚቀመጠው የታሪክ ሥዕል ነው፤ ጦርነቱ፣ የመጽሐፍ ቅዱሱ ታሪክ፣ የግሪክ አማልክት። ከዚያ የሰው መልክ ይመጣል። የገጠር ኑሮ፣ መልክዓ ምድር፣ እንስሳ፣ አበባና ፍራፍሬ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ላይኛው ማዕረግ ላይ ለመድረስ የሰውን ገላ ጠንቅቆ መሣል ያስፈልጋል። ገላውን ለማጥናት ደግሞ ራቁቱን የቆመ ሰው ፊት ቁጭ ብሎ መሣል የግድ ነው። ይህ የሚሰጠው በመንግሥት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነበር። ትምህርት ቤቱ ሴቶችን የተቀበለው በ1897 ነው። ሮዛ ያኔ 75 ዓመቷ ነበር።

በሬ ግን ሲፈጥረው ራቁቱን ነው። ሴት ልጅ በሬ አየች ብሎ የሚቆጣ የለም። በማዕረግ ዝቅ ያለው በር ማንም ሳይዘጋው ቀርቶ ነበርና ሮዛ በዚያ ገባች። ስትገባም እንደ ዋዛ አልነበረም። ወንዶቹ የሰውን አካል በሚያጠኑበት ጥልቀት የእንስሳውን አጥንትና ጡንቻ አጠናች። ፓሪስ ውስጥ ቄራ ትሄዳለች። ደም ላይ ቆማ ትነድፋለች። አልፎር በሚገኘው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤትም ሬሳ ሲበለት እያየች ተምራለች። አሁን ወደ ሥዕሉ ተመልሳችሁ የፈረሶቹን ዳሌ ብታዩ፣ ቆዳው ሥር የትኛው ጡንቻ እንደተሳበ ታውቃላችሁ። ያ ከቄራ የመጣ እውቀት ነው።

በ19 ዓመቷ፣ በ1841፣ ሳሎን ላይ ሥራ አቀረበች። ሳሎን ሲባል ሶፋ ያለበት ክፍል እንዳይመስላችሁ። ፓሪስ ውስጥ በመንግሥት የሚዘጋጅ ትልቅ የሥዕል ኤግዚቢሽን ነው። ዳኞች አሉት፤ ዳኞቹ ካልተቀበሉህ ሥዕልህን ይዘህ ወደ ቤትህ ነው። ጋዜጣው ስለሱ ይጽፋል፣ ሀብታሙ መጥቶ ይገዛል፣ መንግሥትም ይገዛል። ሌላ መንገድ የለም ማለት ይቀላል። ሮዛ ያቀረበችው ጥንቸሎች፣ ፍየልና በጎች ነበር። በ1848 ወርቅ ሜዳሊያ አገኘች። በዚያው ዓመት መንግሥት በ3,000 ፍራንክ አንድ ሥዕል አዘዛት፤ ኒቬርኔ በሚባለው የፈረንሳይ አካባቢ የሚታረስ መሬት። በ1849 አጠናቀቀችው፤ ዛሬ ፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም ውስጥ ነው። በሬዎቹ ተጠምደው በተርታ ሽቅብ ይጎትታሉ፤ አፈሩ ተገልብጧል፤ ገበሬዎቹ ከበሬዎቹ ጀርባ ጠፍተዋል። የሥዕሉ ጀግና ማን እንደሆነ ማንም አይሳሳትም።

በዚያው ዓመት አባቷ ሞተ። ይመራው የነበረውን የልጃገረዶች የሥዕል ትምህርት ቤት እሷና እህቷ ዡልዬት ተረከቡት።

አሁን ወደ ገበያው እንሂድ።

ፓሪስ ውስጥ ኦፒታል በሚባለው ሰፊ ጎዳና ላይ የፈረስ ገበያ ይቆም ነበር። ሥዕሉ ላይ የሚታየው ጉልላት የሳልፔትሪዬር ሆስፒታል ነው፤ ሕንፃው ዛሬም አለ። ከፈረሶቹ ብዙዎቹ ፔርሸሮን የሚባሉ ከባድ የጭነት ፈረሶች ናቸው። ያኔ ጋሪውን፣ የሕዝብ ማመላለሻውን፣ የድንጋይና የእህል ጭነቱን ሁሉ የሚጎትተው ፈረስ ነው። የዘመኑ አይሱዙ እነሱ ነበሩ ማለት ነው። የፈረስ ገበያም የመኪና መሸጫ ግቢ ዓይነት ነገር ነው። ገዢ ጥርስ ያያል፣ ኮቴ ያነሳል፤ ከሁሉ በላይ ግን ሲሮጥ ማየት ይፈልጋል። ሥዕሉ ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ሻጮቹ ፈረሶቻቸውን በዱብዱብ እያስሮጡ ዙሪያውን ለገዢ ያሳያሉ። ጦርነትም አይደለም፣ እሽቅድድምም አይደለም። ተራ የገበያ ቀን ነው።

ሮዛ ከ1850 ክረምት ጀምሮ እስከ 1851 መጨረሻ፣ ለአንድ ዓመት ተኩል፣ በሳምንት ሁለቴ እዚያ ትሄድ ነበር። ደላላ፣ ያዥ፣ ፈረስ አሰልጣኝ፣ ሁሉም ወንድ ነው። ቀሚሱ ደግሞ መሬት የሚጠርግ የዚያ ዘመን ቀሚስ ነው። አስቡት፤ ጭቃ፣ ፋንድያ፣ የሚራገጥ ፈረስ፣ ዙሪያውን የሚያሾፍ ወንድ። ሱሪ ለብሳ፣ ፀጉሯን አሳጥራ ትሄድ ጀመር። ማንም ዞር ብሎ አላያትም። የፈለገችውም ያንን ነበር።

ችግሩ ሕግ ነው። ከ1800 ጀምሮ ፓሪስ ውስጥ የወንድ ልብስ መልበስ የምትፈልግ ሴት ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሄዳ ፈቃድ ማውጣት አለባት። እስከ ዛሬ ተርፎ የምናየው የሮዛ የፈቃድ ወረቀት የ1857 ነው፤ ሥዕሉ ከታየ አራት ዓመት በኋላ። የሚያገለግለው ለስድስት ወር ብቻ ስለሆነ በየጊዜው ይታደሳል። ምክንያቱ «ለጤና» ይላል፤ ሐኪም ፈርሞበታል። በዚህ ልብስ ቴአትር ቤት፣ ጭፈራ ቤትና ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቦታ እንዳትገባም ይከለክላል። በሌላ አነጋገር፣ ሱሪሽን ልበሺ፤ ግን አትዝናኚበት። ሕጉ በ1892 እና በ1909 ትንሽ ላላ፤ የብስክሌት መሪ ወይም የፈረስ ልጓም የያዘች ሴት ሱሪ ብትለብስ አይነካትም ተባለ። የፈረንሳይ መንግሥት ሕጉ ዋጋ የለውም ብሎ በይፋ የተናገረው በ2013 ነው። አዎ፣ በ2013።

ሱሪው ይብቃን። ሥዕሉን እንየው።

ሮዛ ራሷ ይህን ሥራ «የእኔ ፓርተኖን» ብላ ትጠራው ነበር። አቴና ላይ ያለው የጥንቱ የግሪኮች ቤተ መቅደስ ግንቡ ላይ በድንጋይ የተቀረጹ ፈረሰኞች አሉት፤ ረጅም ሰልፍ ነው። እሷም ሸራዋን በወርድ ያስረዘመችው ለዚያ ነው። ግን የግሪኮቹ ሰልፍ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የሮዛ ይዞራል። ፈረሶቹ ክብ ሠርተው ሲሽከረከሩ ዓይናችሁም አብሮ ይዞራል። ከፊት ያለው መሬት ባዶ ነው፤ አቧራ ብቻ። ያ ባዶ ቦታ የእናንተ ነው። ትንሽ ጠጋ ካላችሁ ኮቴ ይደርስባችኋል። ሸራውን ይህን ያህል ያተለቀችውም ለዚህ ይመስለኛል። በስልክ ስክሪን ስታዩት ቆንጆ የፈረስ ሥዕል ነው። ሥሩ የቆመ ሰው ግን አንድ እርምጃ ወደኋላ ይላል።

ሌላም ነገር አለ። ያን ዘመን እንዲህ ያለ መጠን የሚሰጠው ለንጉሥና ለጦር ሜዳ ነበር። ሮዛ ያንን መጠን ለጋሪ ፈረስና ለፈረስ ያዥ ሰጠች። ማዕረጉን በቃል አልተቃወመችም። ዝቅ ያለውን ነገር ትልቁ ሸራ ላይ አስቀምጣ ዝም አለች።

ከያዦቹ መካከል ኮፍያ ያደረገና ፊቱ ለስላሳ የሆነ አንድ ፈረሰኛ ወደ ተመልካቹ ዞር ብሎ ያያል። እሷ ራሷ ናት ብለው የሚጠረጥሩ የጥበብ ታሪክ ሰዎች አሉ። ማስረጃ የለውም። እኔም ካየሁት በኋላ ግን ሌላ ሰው ነው ማለት አቅቶኛል።

እዚህ ላይ የመንግሥትን ነገር ላንሳ። ሮዛ ሥራውን ከመጀመሯ በፊት ለአንድ ትልቅ ባለሥልጣን ሁለት ንድፍ አሳይታ ነበር፤ አንዱ የፈረስ ገበያው፣ ሌላው ኦቨርኝ በሚባል አገር የሚታጨድና የሚጫን ድርቆሽ። ሰውየው ፈረሱ ይቅር፣ ድርቆሹን ሣይልን አለ። እሷም እሺ አለች፤ ግን መጀመሪያ ፈረሱን ሠራች። ሳሎን ላይ ያ ሁሉ ጭብጨባ ሲወርድ መንግሥት ሐሳቡን ቀየረ፤ ፈረሱን እንውሰድ አለ። አይሆንም፣ ያዘዛችሁት ድርቆሽ ነው አለቻቸው። ድርቆሹን በ1855 አስረከበች።

የትውልድ ከተማዋ ቦርዶም ዕድሉን አግኝታ ነበር። ሥዕሉ ከሳሎን በኋላ እዚያም ታይቷል። ሮዛ በመጠነኛ ዋጋ ልስጣችሁ ብትል ከተማው አልገዛም አለ። በኋላ ሳይቆጫቸው አልቀረም።

የገዛው ኤርነስት ጋምባር ነው። ቤልጅየም ተወልዶ ለንደን ላይ የከበረ የሥዕል ነጋዴ። 40,000 ፍራንክ ከፈለ። መንግሥት ለአራሾቹ በሬዎች ከከፈለው ከአሥር እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ሮዛ ራሷ ገንዘቡ በዛ ብላ ምራቂ ጨመረችለት፤ ያንኑ ሥዕል አነስ አድርጌ ልሥራልህ አለችው። ደግነት ብቻ አይምሰላችሁ፤ ትንሹ ቅጂ ለሥራ ያስፈልግ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎቶ ኅትመት ገና አልተስፋፋም። አንድን ሥዕል ሰው ቤት ማስገባት የሚቻለው በቅርጽ ኅትመት ነበር። ባለሙያው ሥዕሉን ፊቱ አስቀምጦ ብረት ወይም መዳብ ሰሌዳ ላይ መስመር በመስመር ይቀርጸዋል። ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። ሲያልቅ ሰሌዳው ቀለም ይቀባል፣ ወረቀት ላይ ይታተማል። ከአንድ ሰሌዳ ብዙ ቅጂ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ፣ ሠዓሊው የፈረመባቸው፣ በውድ ይሸጣሉ። ሰሌዳው እያረጀ ሲሄድ ዋጋው እየረከሰ ለመምህሩም ለባለሱቁም ይደርሳል።

አምስት ሜትር ሸራ ቀራጩ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። ትንሹ ቅጂ ለእሱ ነው። መነሻውን የጣለችው የሮዛ የዕድሜ ልክ ጓደኛ ናታሊ ሚካስ ናት፤ ሮዛ ጨረሰችው። ቶማስ ላንድሲር የተባለ እንግሊዛዊ ቀረጸው። ቅጂው ዛሬ ለንደን ናሽናል ጋለሪ ውስጥ አለ።

ትልቁ ሥዕል በበኩሉ ጉዞ ጀመረ። ጋምባር በ1855 ለንደን ላይ አሳየው። ንግሥት ቪክቶሪያ ለብቻቸው አስመጥተው አዩት። ንግሥቲቱ አዩት ሲባል ሰዉ መግቢያ እየከፈለ ተሰለፈ። ያየ ሰው ሲወጣ የኅትመቱን ቅጂ ያዝዛል። ቀጥሎ የእንግሊዝ ሌሎች ከተሞች፣ ከዚያ አሜሪካ።

አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ። ጋምባር በ40,000 የገዛውን ሥዕል ዊሊያም ራይት ለተባለ አሜሪካዊ የሸጠው በ30,000 ፍራንክ ነው። በኪሳራ! ግን እየዞርኩ የማሳየቱን መብት ለተወሰነ ጊዜ እኔ ልያዝ ብሎ ነው የተዋዋለው። የኅትመቱ መብትም እሱ ጋ ነበር። ሸራው ለሰውየው ማስታወቂያ ነበር ብል አልተጋነነም። ዛሬ ዘፋኙ ከሲዲው ይልቅ በኮንሰርት እንደሚበላው ዓይነት ነው። ጋምባር ሥራው ገብቶታል።

ሮዛስ ምን አተረፈች? ዋናው ትርፏ ስም ነው። ከዚያ በኋላ የእሷ በግና የእሷ ላም ገና ቀለሙ ሳይደርቅ ገዢ አለው። በ1856 ጋምባር ስኮትላንድ ወሰዳት፤ ተራራው ላይ ያሉትን ጸጉራም ከብቶች እየነደፈች ተመለሰች። እንግሊዞቹ የስኮትላንድ ነገር ነፍሳቸው ነው። ተሻሙበት። ከ1855 ወዲህ ሳሎን ላይ ሥራ ማቅረቡን ከሞላ ጎደል ተወችው። ዳኛ ምን ያደርግላታል? ገዢው በሩ ላይ ቆሟል።

በ1859 ፎንቴንብሎ ጫካ አጠገብ ባይ የሚባለውን ትልቅ ቤት ገዛች። ከናታሊና ከናታሊ እናት ጋር ገባች። ግቢው በግ፣ ፍየል፣ ፈረስ፣ አጋዘን፣ ዝንጀሮ ሆነ። አንበሶችም ነበሩ፤ ፋጥማ የምትባል ሴት አንበሳ እንደ ቤት ውሻ ትከተላት ነበር ይባላል። ሞዴል ፍለጋ ቄራ መሄድ ቀረ፤ ሞዴሉ መስኮቱ ሥር ነው።

በ1865 የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት የናፖሊዮን ሦስተኛ ባለቤት እቴጌ ኢውጄኒ እዚያው ቤቷ ድረስ መጥተው ሌዥዮን ዶኔር የሚባለውን የፈረንሳይ የክብር ኒሻን መስቀል ደረቷ ላይ አደረጉላት። ያንን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሠዓሊ ናት። እቴጌይቱ በዚያ ቀን «ብልሃተኛ አእምሮ ወንድና ሴት የለውም» የሚል ነገር ተናግረዋል ይባላል። ባለቤታቸው አልጄሪያ ሄደው እቴጌይቱ በእንደራሴነት አገር የሚመሩበት ሰሞን መሆኑን ልብ በሉ። ባልየው አገር ቤት ቢሆኑ መስቀሉ ይዘገይ ነበር የሚሉ አሉ።

እንግዲህ እንዲህ የገነነች ሴት ለምን ተረሳች? አንደኛው ምክንያት ያው ገበያው ነው። ሥራዎቿ ከሠዓሊው ክፍል ተነሥተው ቀጥታ እንግሊዝና አሜሪካ ሀብታሞች ቤት ገቡ። ፈረንሳይ ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚያያቸው ሰው አነሰ። ሁለተኛው የሰዉ ዓይን ተለወጠ። በ1874 ኢምፕሬሽኒስት የሚባሉት አዲስ ሠዓሊዎች የመጀመሪያ ኤግዚቢሽናቸውን ከፈቱ፤ ብርሃኑ፣ የተሰበረ ቀለሙ፣ ቶሎ ቶሎ የተጣለው ብሩሽ። ከነሱ ጎን የሮዛ ሥራ ከልክ በላይ ያለቀለት መሰለ። እያንዳንዷ የጋማ ክር የምትታይበት ሥዕል «ፎቶ ነው እንጂ ምኑ ጥበብ ነው» ይባል ጀመር። እውነቱን ለመናገር ኋላ ላይ ከሠራቻቸው አንዳንዶቹ ለገዢ የተሠሩ መሆናቸው ያስታውቃል። በግ፣ ሣር፣ ሰማይ፤ በግ፣ ሣር፣ ሰማይ። «የፈረስ ገበያ» ላይ ያለው እሳት እያንዳንዱ ሥራ ላይ የለም።

አሜሪካኖቹ ግን አልቀየሩም። በ1887 ኒውዮርክ ላይ፣ ሥዕሉ ከራይት በኋላ እጁ የገባለት የነጋዴው ስቲዋርት ንብረት ለጨረታ ሲቀርብ «የፈረስ ገበያ»ን ባለጸጋው ኮርኔሊየስ ቫንደርቢልት በ53,000 ዶላር ገዛው። ወዲያው ለሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሰጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሙዚየሙ ንብረት ነው።

በ1889 ናታሊ ሞተች። ለሮዛ ከባድ ዓመት ነበር። በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ የዓለም ኤግዚቢሽን ነበረና ቡፋሎ ቢል የሚሉት የአሜሪካ ባለ ትርኢት ፈረሰኞቹንና ጎሾቹን ይዞ መጣ። ሮዛ ድንኳኑ ድረስ እየሄደች ነደፈች። እሱንም በነጭ ፈረስ ላይ ሣለችው። ገና ልጅ እያለች ቢያሳዩዋት ከዚያ የማትወጣበት ቦታ ነበር።

በ1898 አና ክለምፕኪ የምትባል አሜሪካዊት ሠዓሊ የሮዛን መልክ ልትሥል መጣች። መጥታ ቀረች። ሮዛ ኑዛዜዋን አስተካክላ ንብረቷን ሁሉ ለአና አወረሰች፤ ዘመድ ማጉረምረሙ አልቀረም። በግንቦት 1899 አረፈች። ፓሪስ፣ ፔር ላሼዝ መቃብር ውስጥ ከናታሊ ጎን ተቀበረች። የአና አመድም ከዓመታት በኋላ እዚያው ገብቷል።

በ1970ዎቹ የሴት ሠዓሊዎችን ታሪክ የሚቆፍሩ ተመራማሪዎች ስሟን አነሡት። በ2017 ባይ ያለውን ቤት አንዲት ፈረንሳዊት ገዝታ ሙዚየም አደረገችው። ሮዛ በተወለደች በ200 ዓመቷ፣ በ2022፣ ትልቅ ኤግዚቢሽን ተዘጋጀላት። የተከፈተው መጀመሪያ ቦርዶ ነው፤ ቀጥሎ ኦርሴ ሙዚየም።

ቦርዶ «የፈረስ ገበያ»ን ሳትገዛ ብትቀርም ባዶ እጇን አልቀረችም። የከተማዋ የጥበብ ሙዚየም ውስጥ ሮዛ ለብዙ አሥርት ዓመታት እየነካካች ሳትጨርሰው የሞተችው ሥዕል አለ። ደቡብ ፈረንሳይ፣ ካማርግ የሚባል አገር። ውድማ ላይ ስንዴ ተበትኗል፤ ነጫጭ ፈረሶች እየተነዱ በኮቴያቸው ያበራዩታል። ወደ እናንተ ነው የሚመጡት። ወርዱ ከስድስት ሜትር በላይ ነው።